ሉአን በምን እንደሞተች

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

በተጠለልንበት ትምህርት ቤት ይህን ደብተር ከሳሙናና ከጥርስ ብሩሽ ጋር ሰጡኝ። ለልጆች የመጣ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የሚስቅ ዝሆን አለበት። ልመልሰው ነበር። የምታድለዋ ልጅ «አባባ፣ ካልፈለጉት ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ስትለኝ እጄ አልላቀቅ አለ። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። ፊደሌ ይንጋደዳል እንጂ ይነበባል። የሚያነበውም እኔው ነኝ።

ተኩሱ የተጀመረው ትናንት ጠዋት ነው። ነጎድጓድ መስሎኝ ልብሴን ከገመድ ላይ ላነሳ ወጣሁ። ሁለተኛው ሲመጣ ገመዱም፣ ልብሱም፣ እኔም መሬት ላይ ነበርን። የመንደራችን ሹም ፕራሲት በድምፅ ማጉያ «ሁሉም ወደ መኪና! ዕቃ አትያዙ!» እያለ ይጮሃል። እኔ ወደ መኪናው አልሄድኩም፣ ወደ ገዳሙ ሄድኩ። ሬሳዋ ከተቃጠለ በኋላ የቀረው የሚስቴ የሉአን አጥንት በማሰሮ ሆኖ እዚያ አጥሩ ስር ባለችው ትንሽ ሐውልት ውስጥ ነው ያለው። ጎረቤቴ ሳንግ ከፒክአፑ ላይ ሆኖ ይጣራል፤

«አንተ ሽማግሌ፣ መንገዱ በዚህ ነው!»

«ሉአንን ትቼ አልሄድም!»

«እሷ ምን ትሆናለች? ከሞተች ስድስት ዓመቷ! የምትሞተው አንተ ነህ!»

አወጣኋትና ማሰሮዋን በደረቴ አቅፌ ተሳፈርኩ። ሟች ይዞ የሚጓዝ ሰው መንገዱን ለሟቿ ይነግራታል። ካልነገራት ነፍሷ ከኋላ ትቀራለች፣ ስትፈልገን ትንከራተታለች። ስለዚህ ጮክ ብዬ ነገርኳት፣ ከድንበሩ ማዶ ያሉትም በሚናገሩት በክመርኛ። እኛ ድንበር ላይ ያለን ሰዎች ለመንግሥት በታይኛ እንናገራለን፣ ለሟችና ለጎሽ በክመርኛ። «ሉአን፣ ወደ ቀኝ ልንዞር ነው። አሁን ድልድይ ነው፣ ተሻገሪ። ተኩሱ ነው፣ አትደንግጪ፣ አለሁ።» እንባዬ ወረደ። ጭስ ነበር።

ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ቆመ። አንዲት ጋዜጠኛ ካሜራ ከተሸከመ ሰው ጋር መጣች።

«አባባ፣ ማንን አጡ?»

«ሚስቴን።» ምን ልበል ታዲያ፤ ያጣሁት እሷን ነው።

«በዛሬው ተኩስ ነው?»

ሞተሩ ይጮህ ነበር። ጭንቅላቴ ተነቃንቆ ይሆናል። ሞተሩ እየጮኸ ፒክአፕ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱ የማይነቃነቅ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ልጅቷ አለቀሰች። እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። ሉአን ከሞተች ወዲህ እጄን እንዲህ አድርጎ የያዘ...

ይሄ የሚጻፍ አይደለም።

ልጄ ሱማሊ አልደወለችም። ከድንበሩ ማዶ ነው ያገባችው። ትደውላለች ብዬም አልጠበቅኩ።

ሐምሌ 20፣ እሁድ

መድፉ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። ሩቅ ነው፣ ግን የትምህርት ቤቱ መስኮት ይርገበገባል። ስንወጣ ጎሼን ፈትቻታለሁ? ፈትቻታለሁ መሰለኝ። ሳንግ «ፈትተሃታል» ይላል፣ ግን እሱ አላየም።

አልደወለችም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ቴሌቪዥን ላይ ወጣሁ።

አዳራሹ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፤ ሰው ሁሉ ከሥሩ ነው የሚውለው። ከሰዓት ላይ ሾርባዬን እየጠጣሁ «ታ ፕሊያን! ታ ፕሊያን!» የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ በኛ ሽማግሌ «ታ»፣ አሮጊት «ያይ» ነው የሚባለው። ቀና ብል እኔው ነኝ። ማሰሮዋን አቅፌ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ሸሚዜ ቁልፉ ተዛንፎ ተቆልፏል፤ አንድ ሰው እንኳን አልነገረኝም። ከሥር ጽሑፍ ይሮጣል፣ ለዓይኔ ፈጠነብኝና ሳንግ አነበበልኝ፦ «የጠላት መድፍ ሚስቱን የነጠቀው አዛውንት።» ከዚያ የምናገረውን ተርጉመው ጻፉት፦ «ደምሽ ከንቱ አይቀርም፣ እነዚህን አውሬዎች እግዜር ይይላቸው።»

እኔ ያልኩት «ድልድይ ነው፣ ተሻገሪ» ነው።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የማላውቃት ሴት ብርድ ልብስ አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለች። ሌላዋ ተንበርክካ እጅ ነሳችኝ። የመንደራችን ሰዎች ሉአን በኩላሊት እንደሞተች ያውቃሉ፤ ግማሹ ሬሳዋን ተሸክሟል። ማንም ትንፍሽ አላለም። ፕራሲት አጠገቤ ተቀምጦ በጆሮዬ፣

«ታ፣ ዝም ይበሉ። ለመንደሩ ጥሩ ነው። ዛሬ እርዳታ ሲመጣ መጀመሪያ የማንን መንደር ጠሩ?»

«የኛን።»

«ታዲያ!»

ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። በአዲስ ተኩልኝ።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ተኩስ አቁም ተባለ። ከዚያም ተጣሰ ተባለ፤ ማን ጣሰው ሲባል እነሱ ናቸው። ደግሞ ጸጥ አለ።

እኔም የተሻለ ቦታ ተሰጠኝ፣ ማራገቢያው ሥር። አልጠየቅኩም። አልመለስኩትምም።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ሳንግ ስልኩን ይዞ መጣ። ፊቱ ላይ ሊስቅ የፈለገ ነገር አለ።

«ና እስቲ፣ አንድ ሰው ላሳይህ።»

የማዶዎቹ ቻናል ነው። እኔ ነኝ። ያው ሸሚዝ፣ ያው ማሰሮ። ድምፄን አልቀነሱትም፣ ክመርኛዬ ይሰማል፣ እነሱም ይገባቸዋል፤ ግን ተሻገሪ ያልኩበትን ቆርጠው «አትደንግጪ፣ አለሁ» ያልኩትን ብቻ ተዉት። የዜና አንባቢዋ ድምፅዋን አለስልሳ «ይህ ምስኪን የክመር አባት ሚስቱን በታይ መድፍ የተነጠቀ ነው» አለች።

«ታ ፕሊያን» አለኝ ሳንግ፣ «በአንድ ሳምንት ሁለቴ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ። ሦስተኛ አገር ካለ ንገረኝ፣ እንላክላቸው።»

ሳቅሁ። ከዚያ ስልኩን መለስኩለት።

«ውሸታሞች ናቸው» አልኩ፣ «የማያፍሩ!»

«የትኞቹ?»

«እነዚህ፣ የማዶዎቹ!»

«የኛዎቹስ?»

ዞሬ ወደ ቦታዬ ሄድኩ። ስጋደም ግን የአዳራሹን ቴሌቪዥን ማዳመጥ ጀመርኩ። የነሱ መድፍ ሲመጣ «ገደለ» ይላል። የኛ ሲሄድ «ምላሽ ሰጠ» ይላል። የነሱ ሰዎች ሲሞቱ ቁጥሩን «እንደሚሉት» ብሎ ነው የሚጠራው። የኛ ሲሞቱ ስም አላቸው፣ ፎቶ አላቸው፣ ትምህርት ቤታቸው ይታያል። ሳንግ የማዶውን ከፍቶ አሰማኝ። ያው ነው፤ ስሙን ብቻ ለዋውጠውታል። ወጣት ሳለሁ ሁለት ገበያ ላይ አንድን ዶሮ በሁለት ስም የሚሸጥ ሰው አውቅ ነበር። ደበደቡት። እነዚህን ማን ይደበድባቸዋል።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

በሳንግ ስልክ ደወለች። ምስል የለውም፣ ድምፅዋ ብቻ።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ምን እሆናለሁ። አንቺስ?»

በር ስትዘጋ ተሰማኝ። ከዚያ፣

«አባዬ፣ እማዬን ማን ነው የገደላት?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!»

«ለነሱ የምመልሰው ስላጣሁ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አይቶሃል። ‹አባትሽ ነው አይደል? ልጆቻችንን ነፍሰ ገዳይ እያለ ነው አይደል?› ይሉኛል። የባሌ የቪቦል ታናሽ ወንድም ኮረብታው ላይ ከወታደሮቹ ጋር ነበር፣ እግሩን ተመትቶ ሐኪም ቤት ነው። እናቱ ለኔ ሳህን ማቅረብ ትታለች። እኔ ስገባ ትነሳለች።»

«የነሱ ቴሌቪዥንም እኮ አሳይቶኛል! የክመር ሽማግሌ ብሎ!»

«አይተውታል። ‹የኛ ሰውዬ ሌላ ነው፣ ይመሳሰላሉ እንጂ› ይላሉ።»

«እንዴት ይመሳሰላሉ! ሸሚዙስ?»

«አባዬ!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ሹሞቹ ትናንት መጥተው ነበር። ‹ታይ ናት፣ ከዚህ ትውጣ› አሉ። ድንበሩ ተዘግቷል፣ በየት ነው የምወጣው? ቪቦልን ‹ወይ እሷን ወይ ሰፈሩን ምረጥ› ብለውታል። ዝም ብሎ ያየኛል። እማዬ በኩላሊት ነው የሞተችው በል። እዚያው ቴሌቪዥን ላይ በል። ከኔ አፍ አያምኑም።»

«እኔ አልዋሸሁም። መኪናው ነው ያነቃነቀኝ።»

«በጭንቅላትህ ካልከው አሁን በአፍህ በለዋ።»

«ማዶ ሄደሽ አግቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ?»

መስመሩ ተቆረጠ። እኔ ነኝ የዘጋሁት ይላል ሳንግ። ስልኩ የሱ ነው፣ እኔ አነካኩን አላውቅበትም። መስመሩ ነው።

ሐምሌ 27፣ እሁድ

የሰባ አንድ ዓመት ሰው ካሜራ ፊት ቆሞ እኔ ቀጣፊ ነኝ አይልም። ቀጣፊ ስላልሆንኩ። ጥያቄው ነው የተሳሳተው። ማንን አጡ ብላ ጀምራ በምን አጡ ማለት ነበረባት።

ብርድ ልብሱን ለሌላ ሰው ሰጠሁት። ይሞቃል።

የሱማሊ እናት ሳህን የማያቀርቡላት ቤት ገብታ አታውቅም።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ወደ መንደር መለሱን። መንገዱን ሁሉ ለሉአን ነገርኳት፣ በቀስታ፣ ሰው እንዳያየኝ ዙሪያዬን እያየሁ። እንዲህ ሆንኩ።

ጎሿ አለች! ገመዷ ተፈትቶ ነበር። ከጎረቤት ጓሮ ሙዙን ሁሉ ጨርሳ ሆዷን ነፍታ ትጠብቀኛለች። ሰደብኳት። አንገቷን አቀፍኩ።

ጣሪያዬ ተበስቷል፤ ፍንጥርጣሪው ከላይ ገብቶ የሉአንን የልብስ ሳጥን በስቶ ወጥቷል። ዝናብ ነው፣ አልጋዬን ወደ ጥግ ገፋሁት። ሁለት ቤት ሙሉ በሙሉ የለም። ከጫካው ዳር የነበረው ያይ ቹይ ዘይት የምትሸጥበት ሱቅ ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል፤ እሷም፣ የልጇ ልጅም ውስጥ ነበሩ። ይህ እውነት ነው። ይህን ማንም መቀየር የለበትም። እሷን ቴሌቪዥኑ ለትንሽ ጊዜ አሳያት። እኔን ደጋግሞ ነው የሚያሳየው፣ እኔ ማሰሮ ስላለኝ።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ምሳዬን ለሳንግ ሰጠሁት።

ነሐሴ 4፣ እሁድ

ፕራሲት ሮጦ መጣ። ጋዜጠኛዋ ልትመጣ ነው፤ ቻናሉ ተመልካቹን አስተባብሮ ቆርቆሮ ገዝቶልናል፣ ለኔ ብቻ አይደለም፣ ለተጎዳው ቤት ሁሉ። ቀረጻው ግን እኔ ቤት ነው።

«ታ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ይልበሱ። ማሰሮዋን ይያዙ። የሚጠይቁዎትን ይመልሱ፣ የማይጠይቁዎትን አይመልሱ።»

«ልጄ ከሰፈር ልትባረር ነው።»

«ሰምቻለሁ።» ጫማውን አየ። «ታ፣ የስንት ሰው ጣሪያ ነው። በዚህ ዝናብ።»

ክፉ ሰው አይደለም። የራሱም ጣሪያ የለም።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

መጡ። ቆርቆሮው በትልቅ መኪና፣ የቻናሉ ስም በሸራ ተጽፎ። ጋዜጠኛዋ እንደ ልጄ ደረጃውን ወጥታ ሰላም አለችኝ፣ ጫማዋን አውልቃ። መንደሩ ግቢዬ ውስጥ ቆሟል።

«አባባ፣ አሁን ጣሪያዎ ሲሠራ ለባለቤትዎ ምን ይሏታል?»

ካሜራው ላይ ቀዩ መብራት በርቷል። ፕራሲትን አየሁት። ሳንግን አየሁት። ሳንግ ወደ ዛፉ ዞረ።

«ሚስቴ በኩላሊት ነው የሞተችው» አልኩ። «ከስድስት ዓመት በፊት። ወረዳው ሆስፒታል ለኩላሊት እጥበት ስትመላለስ ቆይታ። የማዶ ሰዎች አልገደሏትም። የገደሉት ያይ ቹይን ነው፣ እሷን ሂዱና ጠይቁላት። ሉአንን ተዉልኝ።»

ከሥር ጎሿ አገሳች።

ልጅቷ ማይኩን ዝቅ አደረገች። «አባባ... ያን ቀን እኔ ጠይቄዎት ነበር። ራስዎን ነቀነቁልኝ።»

«ነቅንቄያለሁ።»

ይሄው። አልኩት። መኪናው አይደለም።

«ለምን?»

«እጄን ያዝሽኝ።»

ፊቷ ተለዋወጠ። ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች፣ ሳታገኘው ብዙ ቆየች። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ይህን እኔ ማውጣት አልችልም፣ አባባ። አለቆቼ አያሳልፉትም። አሁን ጊዜው እንዲህ ዓይነት ነገር የሚባልበት አይደለም፤ ለማዶዎቹ መሣሪያ መስጠት ነው ይላሉ።»

«መሣሪያ? ኩላሊት?»

«እሞክራለሁ» አለች። ዓይኔን ግን አላየችም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ፕራሲት ቤት ሸራ ሥር ተሰብስበን ቀረጻውን በቴሌቪዥን አየን። ቆርቆሮው ሲራገፍ፣ ልጆች ሲያጨበጭቡ፣ ጎሿ። እኔም አለሁ። አፌ ይከፈታል ይዘጋል፣ ከውስጡ የሚወጣው ዘፈን ነው። ዋሽንት ያለበት አሳዛኝ ዘፈን። ከሥሩ «አዛውንቱ ምስጋናውን በእንባ ገለጸ።»

እያወራሁ ነበር እኮ። አንድ በአንድ ነበር ያወራሁት።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ሱማሊ ለሳንግ መልእክት ላከች። «አባዬን በሰላም ነው በለው» ትላለች። ሳንግ ሁለቴ አነበበልኝ። በሰላም ቢሆን ኖሮ ትደውል ነበር። እናቷም እንዲህ ነበረች፣ ሲያማት ነው ቤት የምትጠርገው።

ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ከደረጃው ወደ ጎሿ፣ ከጎሿ ወደ ደረጃው።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

«ሳንግ፣ ያንተ ስልክ ይቀርጻል?»

«ሠርግ ቀርጿል።»

«እኔን ቅረጸኝ።»

«ታ፣ ይሄ ነገር ከወጣ በኋላ አይመለስም። ጎሽ አይደለም።»

«ቅረጽ ብዬሃለሁ!»

በታይኛ ተናገርኩ፣ ከዚያ በክመርኛ። ሉአን በኩላሊት ሞተች አልኩ። የኛ ቻናል ዋሸ፣ ያላልኩትን አሉ አልኩ። የማዶውም ቻናል ዋሸ፣ እኔ የእነሱ ሰው አይደለሁም፣ አፌን ቆርጠው ነው ያወጡት አልኩ። እኔም ጭንቅላቴን ነቅንቄያለሁ አልኩ። የያይ ቹይን ስምና የልጇን ልጅ ስም ጠራሁ፣ እነሱን በርግጥ መድፍ ነው የገደላቸው አልኩ። ሳንግ ስልኩን አጋድሞ ስለያዘው ትንሽ የተወላገደ ነው። ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

የማዶው ቻናል አገኘው። «የታይ አዛውንት የታይን ቴሌቪዥን ውሸት አጋለጠ!» ቀይ ጽሑፍ፣ ሙዚቃ። የኛ ቻናል ዋሸ እስከሚለው ድረስ አወጡት፣ እዚያ ላይ ቆረጡት። የማዶውም ቻናል ዋሸ የሚለው የለም። ያይ ቹይ የለችም።

በሁለት ቋንቋ ጮኼ ግማሽ ሰው ብቻ ነው የሰማኝ። ሳንግ «አንተን ለሁለት መቁረጥ እንደ ሐብሐብ ነው፣ የፈለገ የፈለገውን ይበላል» አለ። አልሳቀም ግን።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ትናንት ጠዋት ቆርቆሮውን መልሰው ጭነው ወሰዱት። የኔን ብቻ አይደለም። ጣሪያ ላይ ገና ያልተመታውን ሁሉ። ለሌላ መንደር።

ሴቶቹ አዩኝና ዓይናቸውን ሰበሩ። አንዱ ጎረምሳ ከሞተር ላይ ሆኖ «የክመር ዘር!» ብሎኝ አለፈ፣ በክመርኛ። እናቱም በክመርኛ ነው ያጠባችው። ጠርቼ ልነግረው አሰብኩ፣ አልፏል። ፕራሲት ሰላምታዬን መለሰ፣ ቆሞ ግን አላወራኝም። ትናንት ማታ ልጁ ጣሪያ ላይ ሸራ ሲወጥር ዝናቡ አንሸራትቶት ወድቋል፤ ክንዱ ተሰብሯል። እኔ ነኝ? ዝናቡ ነው። እኔ ነኝ።

ሳንግ ብቻ ነው የሚመጣው። መጥቶ ምንም ሳይል ላስቲክ ጣሪያዬ ላይ አሰረልኝ። «ያላማረ ነው» አልኩት። «አንተስ» አለኝ።

ከሱማሊ ምንም የለም።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ምንም።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

አሞኝ ነበር። ትኩሳት። ሳንግ ሩዝና የተብላላ ዓሣ ያመጣል። ስልኩን አጠገቤ ትቶ ይሄዳል፣ እንዳይጠራ እየፈራሁ እንዲጠራ እጠብቃለሁ። ፕራሲት ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ መድኃኒት አስቀምጦ ሄደ። የልጁ ክንድ ታስሯል፣ ደህና ነው አለ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት «ይጠጡት፣ ታ» ብሎ ወረደ።

ልክ አደረግኩ ወይ? ለማን ልክ አደረግኩ? አንድ ሰው እንኳን ሙሉውን አልሰማም።

መስከረም 3፣ ቅዳሜ

ዛሬ ደወለች። ምስልም አለው። ከስታለች፣ ጸጉሯን ቆርጣለች።

«አባዬ፣ ምነው እንዲህ ሆንክ? ታመሃል?»

«አንቺ ነሽ የከሳሽ። ሳህን ያቀርቡልሻል?»

«ቆይ፣ አንድ ሰው ሊያናግርህ ይፈልጋል።»

ስልኩ ተገላበጠ፣ የቤት ጣሪያ ታየኝ፣ ከዚያ አንዲት አሮጊት። ራሷን እንደ ገዳም አሮጊቶች ተላጭታ ሠርጉ ላይ አይቻታለሁ። የቪቦል እናት፣ ያይ ሳሩን። ለብዙ ጊዜ አየችኝ። እኔም ሸሚዜን አየሁ፤ በደንብ ተቆልፏል።

«ታ ፕሊያን።»

«ያይ ሳሩን። የልጅዎ እግር እንዴት ነው?»

«ቆረጡት።» 

ምን ይባላል።

«የኛ ቴሌቪዥን ላይ አየሁዎት» አለች። «በኋላ ምራቴ ሙሉውን ከስልክ አውጥታ አሰማችኝ። መጀመሪያ አልሰማም ብያት ነበር። ደጋግማ በሬ ላይ እየመጣች አስቸገረችኝ፣ ሰማሁት። እኛንም ሰድበዋል።»

«ቻናላችሁን ነው።»

«እሱንም እኔ ነኝ በየቀኑ የምሰድበው። የልጄን እግር ‹ቀላል ጉዳት› ነበር ያሉት።» ከጎኗ ውኃ አንስታ ጠጣች። «አሁን ስሙኝ። የሙታን በዓላችን ተጀምሯል። ያው የናንተም ነው። ምራቴ ለእናቷ ማቅረብ አለባት፤ እዚህ ነው ያለችው፣ እዚሁ ታቀርባለች። ግን ገዳም ሄጄ ለመነኮሳቱ ምን ብዬ ልንገር? በመድፍ ከሞተች፣ በጨለማ ከቅጥሩ ውጪ ነው ሩዙን የምንወረውርላት፣ ከሚንከራተቱት ጋር። በሕመም፣ በቤቷ ከሆነ ስሟ ገዳሙ ውስጥ ከኛ ሙታን ጋር ይነበባል። ለቴሌቪዥን አይደለም የምጠይቅዎት። እኔ ከተሳሳትኩ እሷ ናት የምትራበው። በምን ነው የሞተችው?»

«በኩላሊት ነው፣ ያይ። ቤቷ፣ አልጋዋ ላይ። ጠዋት ነበር። ሱማሊም እኔም እጇን ይዘን ነበር።»

«በእርግጥ?»

«በእርግጥ።»

አላወላወልኩም፣ ጭንቅላቴንም አላነቃነቅኩም። በአፌ ነው ያልኩት።

አሮጊቷ ወደ ጎን ዞራ ለሱማሊ አንድ ነገር ተናገረች፣ አልሰማሁትም። ሱማሊ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«እንግዲያው ውስጥ ትነበባለች» አለችኝ። «ሙሉ ስሟን በደንብ ይንገሩኝ። ቀስ ብለው። ልጽፈው ነው፣ እኔም እንደርስዎ ብዙ አልተማርኩም።»

ቀስ ብዬ ነገርኳት።